መስኮት ላይ የቆመው አንገረብ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጎንደር ውስጥ አዲስ ከተሠራ ፎቅ ላይ አውጥቶ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ግብዣ ከተባለ ማለቴ ነው። ቤቱ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም፤ ከጣሪያ እስከ ወለል መስታወት ነው። ወዳጄ ወንበሩን እመስታወቱ ሥር ስቦ «ና እንጂ ወዲህ፤ ከተማው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል» ይለኛል። እኔ ጀርባዬን ለምሰሶ ሰጥቼ፣ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ከተማውን ወርጄ አየዋለሁ አልኩት። አስተናጋጇ ሳቀችብኝ። መስታወቱ ጠንካራ መሆኑን ልታስረዳኝ ብላ በቡጢ ትነርተው ጀመር። እሷ በመታችው ቁጥር እኔ ምሰሶው ላይ ይብስ እለጠፋለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ እኮ ጥንካሬው አይደለም። ምን እንደሆነ አለማወቄ ነው። በር ነው? መስኮት ነው? ግድግዳ ነው? ሰው የአንድን ነገር ምንነት ካላወቀ እንዴት አድርጎ ይጠነቀቀዋል? ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ግድ የለም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ግን እንዲህ ካለ መስኮት ጋር ባንድ ቤት ኖሬያለሁ፤ ያውም መተማ በረሃ ውስጥ፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ ያውም ከምትድህ ልጅ ጋር።

መተማን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ሙቀት ስላችሁ ጎንደሬ ካፖርቱን አውልቆ «ዛሬስ ሞቀ» የሚለውን አይነት እንዳይመስላችሁ። በበጋው ወራት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ካገኛችሁ ወይ ታሟል፣ ወይ ይፈለጋል። ሌላው ሕዝብ አንገረቡን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል። አንገረብ ከሱዳኖቹ የወረስነው አልጋ ነው፤ አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መሐሉ በገመድ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጠለፈ። ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ክብደት የለውም፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይዞራል። ሌሊት መኝታ ነው፣ ቀን ሶፋ ነው፣ ሰው ሲታመም ቃሬዛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእንግዳ ነው። እዚያ አገር እንግዳ ደጃፉን ከረገጠ ስሙ ከመጠየቁ በፊት አንገረብ ይዘረጋለታል። ይህን ያላደረገ ሰው ከብቱን ውሃ እንደ ከለከለ ይቆጠራል።

እኔ በዚያን ጊዜ ከሽንፋ ከተማ ወዲህ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። እርሻው ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆን ፎቅ አሠራ። ፎቅ! በዚያ ሜዳ ላይ ሰው ዛፍ ካልወጣ በቀር ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ሰሊጥ የሚያጭዱት የደጋ ሰዎች ሳይቀሩ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ እየመጡ ቆመው ያዩት ነበር።

ፎቁ ምንም አይወጣለትም ነበር፣ ከመስኮቶቹ በቀር። መስኮቶቹ ከጣሪያው ይጀምሩና ወለሉ ላይ ያበቃሉ። ደፍ የላቸውም፣ መደገፊያ የላቸውም። ባለ ሁለት ተካፋች መስታወት ናቸው፤ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ከከፈታችኋቸው በኋላ በእናንተና በመተማ ሰማይ መካከል ምንም የለም። ለምን እንዲህ ሆኑ? አንዱ ሲነግረኝ ንድፉን ያወጡት የወዳጅ አገር መሐንዲሶች ናቸው፤ አገራቸው ብርድ ስለሆነ ፀሐይ እንድትገባላቸው ብለው ነው አለኝ። ፀሐይ እንድትገባ! መተማ! ሌላው ደግሞ የለም፣ በረንዳ ሊሠራላቸው ነበር፤ ሲሚንቶው አልቆ ቀረ እንጂ እነሱ በሮች ናቸው አለ። ሦስተኛው ሰው ግንበኞቹ ብሎኬት ሲያንሳቸው ቀዳዳውን ትተውት ሄዱ ብሎ ማለልኝ። እኔ ሦስቱንም በየተራ አምኛለሁ። አሁንም ቢሆን ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን አምናለሁ።

ቤቱ ሲከፋፈል ባለትዳር በመሆኔ ላይኛው ፎቅ ደረሰኝ። ነፋሻማ ነው ተብሎ እንደ ሽልማት ነበር የሚታየው። ከኛ ሥር ያሉትን ክፍሎች ወንደላጤ የትራክተር ነጂዎች ያዙ። ባለቤቴ የሻረግ የመጀመሪያ ቀን መስኮቱን በረገደችና ነፋሱ ሻሿን ሲያውለበልበው «እፎይ፣ አሁን ገና ሰው ሆንኩ» አለች። አንገረባችንን እመስኮቱ ጫፍ ድረስ አስጠጋን። ምን እናድርግ? የመተማ ሰው ደጅ ይተኛል፤ የፎቅ ደጁ የት ነው? እንግዲህ ያችው ጫፍ ናታ!

ያኔ ልጃችን ትርንጎ ባስቀመጧት የምትቀመጥ ሕፃን ነበረች። ታዲያ ልጅ እንደ ተቀመጠ አይቀርም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ምንጣፉ ላይ የለችም፤ በጉልበቷና በመዳፏ ሲሚንቶውን እየጠፈጠፈች ወደ ብርሃኑ ትገሰግሳለች። ብርሃኑ ማለት መስኮቱ ነው። እንዴት እንደ ደረስኩባት አላስታውስም። ትዝ የሚለኝ ቀሚሷን ከኋላ ይዤ እንዳነሣኋትና እሷ በአየር ላይ መዳህ እንዳላቆመች ነው።

ዝጉት ትሉ ይሆናል። ዘጋነው። ቤቱ ሻይ ማፍያ ሆነ። ትርንጎ ገላዋ በሙቀት ሽፍታ ተወረረ። ገርበብ እናድርገው ብለን በሽቦ አሰርነው። አንድ ከሰዓት ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጣና አንዱን ተካፋች ከነሽቦው ነቅሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላማ ልዝጋውም ቢሉ የሚዘጋ ነገር የለም።

ጉዳዩን ይዤ ወደ ጓድ ዘለቀ ሄድኩ። ጓድ ዘለቀ የመኖሪያ ቤት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በመልክ በመልኩ ካላስቀመጠ መተንፈስ አይችልም። ከለላ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። እሱም ጥያቄዬ ግልጽ አይደለም አለኝ።

«ጓድ፣ ነገሩን በትክክል እንየው» አለ። «በር ነው ወይስ መስኮት?»

አላውቅም አልኩት። ካላወቅህ እንዴት ታመለክታለህ አለኝ። በር ከሆነ ከለላ አይደረግበትም፤ በር መውጫ ነው። መስኮት ከሆነ ደግሞ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነው መጀመር ያለበት፤ ከፍ ብሎ ካልጀመረ መስኮት ነው ሊባል አይችልም። እኔ እንደ ገባኝ በዚህ አነጋገር ልጄ የምትወድቅበት ነገር ጭራሹን የለም። ቢሮው ስገባ አንድ ችግር ነበረኝ፣ ስወጣ ምን እንደ ነበረ ተምታታብኝ።

በጎ ሰው ስለሆነ ግን ጉዳዩን ለሳምንታዊው የውይይት ክበብ አቀረበልኝ። አንዱ ተነሥቶ የልጅቷን ንቃት ማሳደግ ያስፈልጋል አለ። ገና ዓመት አልሞላትም አልኩት፤ ከአሁኑ ካልተጀመረማ አለ። አንድ ትራክተር ነጂ ደግሞ እንዳትወድቅ ከሚባል ብትወድቅም እንዳትጎዳ ቢደረግ ብሎ አስጨበጨበ። ሐሳቡ ተወደደ። በነጋታው ከመስኮታችን ሥር የጥጥ ክምር ተከመረ። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሳልጨርስ የቀን ሠራተኞቹ አገኙት። በእኩለ ቀን ጥላ ሲፈልጉ እየመጡ እጥጡ ላይ እንደ ጉድ ይተኛሉ። አሁን ደግሞ ትርንጎ ሰው ላይ ብትወድቅስ የሚል አዲስ ሐሳብ ያዘኝ። የሻረግ «አንተ ለማን ነው የምታስበው?» ብላ ሁለት ቀን ኮረፈችኝ።

የብረት ፍርግርግ ይሻላል የሚል ወገን ነበር። የእርሻው በያጅ ይመር የሚባል ወሎዬ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ደግሞ የማይዘጋ። ከተሰባበረ ኮምባይነር የተረፈ ቁራጭ ብረት ለቃቅሞ መጣ። «ጌታው፣ ብረቱን አግድም ላድርገው ወይስ ቁም?» አለኝ። አግድም አድርገው አልኩት። አግድም ከሆነማ መሰላል ሠራሁላት ማለት ነው፤ ተንጠላጥላ ትወጣለች አለ። እንግዲያው ቁም አድርገው። ቁም ከሆነ ደግሞ በመሐሉ ጭንቅላቷ ይሾልካል። አቀራርበዋ! ካቀራረብኩት ብረቱ አይበቃም። ምን ላድርግ ታዲያ? እሱን እንኳ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት አለኝ።

በመጨረሻ የጭንቅላቷን መጠን ለመለየት ከገበያ ዱባ ተገዛ። ይመር ዱባውን አንዴ ከትርንጎ ራስ ጋር፣ አንዴ ከብረቶቹ ጋር እያስተያየ ረፋዱን በሙሉ ሠራ። ዱባው አላለፈም። ደስ አለን። እኩለ ቀን ላይ የሻረግ አፈሩን ልታራግፍ ብረቱን በመዳፏ ብትይዘው ጩኸቷ ግምጃ ቤት ድረስ ተሰማኝ። የመተማ ፀሐይ ያረፈበት ብረት መሆኑን ሁላችንም ረስተነዋል። «ልጄ እንዳትወድቅ ተብላ ልትጠበስ ነው?» አለች። ይመር ብረቱን ነቅሎ ሄደ። ዱባውን ወጥ አድርገን በላነው፤ ከዚያ ሁሉ ምክር የተረፈን እሱ ነው።

በዚህ መሐል አማቴ እማማ ላቀች ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከዳባት ወረዱ። ደረጃውን በጎን በጎን፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡት። ገና እንደ ገቡ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ተተከለ።

«ይኸ ደጃፍ ወዴት ነው የሚያወጣው?»

«የትም አያወጣም እማማ። ለነፋስ ነው።»

«ነፋሱስ ይግባ፤ ልጂቱ ስትወጣ ማን ሊይዛት ነው?»

መልሴን አልጠበቁም። ወገባቸውን የታጠቁበትን መቀነት ፈተው አንዱን ጫፍ በአንገረቡ እግር፣ ሌላውን በትርንጎ ወገብ አሰሩት። ደጋ አገር ልጅ ሲያስቸግር የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ይኸው የሻረግም እንዲህ ታስራ ነው ያደገችው አሉኝ። ሁላችንም ተነፈስን። ታዲያ የዳባት ሴት መቀነት ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ? ወገብን ስንት ጊዜ ዞሮ ገና ይተርፋል። ጓዳ ገብተን ስንወጣ ትርንጎ መስኮቱ ጫፍ ላይ ሁለት እግሮቿን ወደ ውጭ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። በእጇ የመቀነቱን ዘርፍ ታወዛውዛለች። መቀነቱ ገና አልተወጠረም።

የሻረግ በእንብርክኳ ሄዳ ከኋላ አቀፈቻትና እዚያው ወለሉ ላይ እንዳቀፈቻት ቀረች። እማማ ላቀች ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ነው ነገሩ ለኔ ቀልድነቱ ያበቃው። ሥራ ቦታ ብሎን ስቆጥር፣ ቅባት ስቀዳ፣ ጆሮዬ ወደ ፎቁ ነው። ሰው ከፍ ባለ ድምፅ ከተናገረ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። ብሎን የጠየቀኝ ሰው ጎማ ሰጥቼው ያውቃል።

መቀነቱ ሲያጥር ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች፤ ሲረዝም እኛ እናለቅሳለን። የጥበቃው ሰው አዝኖልን ለፍየል በረት የሚሆን የግራር እሾህ ጎትቶ አመጣና መስኮቱን አጠረልን። በማግስቱ ጓድ ዘለቀ ከታች ሆኖ ሽቅብ አየና ፎቅ ላይ እንስሳት ማርባት እንደማይፈቀድ ሰው ልኮ አስታወቀኝ።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤታችን ከሐጂ ኢድሪስ ነው። ሐጂ ከፎቁ ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ከወዲያ ማዶ፣ ከሱዳን የሚመጣ ሳሙናና ስኳር ይሸጣሉ፣ አንገረብም ያስጠልፋሉ። አንድ ቀን ሥራዬን ልታስፈቱኝ ነው እያሉ ደረጃውን ወጡ።

«ወላሂ፣ ሰው ስኳር ሲለኝ እኔ ሰማይ ሰማይ ነው የማየው» አሉ። «ልጂቱ አሁን ወጣች፣ አሁን ወጣች እያልኩ። ሚዛኔ ተዛባ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ!»

ከኋላቸው አዲስ አንገረብ ተሸክመው መጥተዋል። በጎኑ አቆሙትና መስኮቱ አፍ ላይ ገጠሙት። እግሮቹ ወደ ቤት፣ ጥልፉ ወደ ደጅ። ግራና ቀኙን ከመስኮቱ ማጠፊያዎች ጋር በገመድ ጠፈሩት። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሽተው «ኸላስ፣ አለቀ» አሉ።

እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ! ቁመቱ ከልጅ በላይ ነው። ጥልፉ ከጥብቀቱ የተነሣ የሕፃን ጣት እንጂ እግር አይገባበትም፤ ስለዚህ አያስወጣም። ገመድ ነው፣ አይግልም። ነፋሱም እንደ ልቡ ያልፋል። የሻረግ በእጇ ገፋችው፤ በትከሻዋ ገፋችው፤ እማማ ላቀች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደገፉት። አልተነቃነቀም። ትርንጎን መቀነቱን ፈታንላት። እየዳኸች ሄዳ ጥልፉን በጥፊ መታችውና ተመለሰች። ያን ዕለት ግምጃ ቤት ገብቼ ብሎን ለጠየቀኝ ብሎን ሰጠሁ።

ወሬው ተዛመተ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሁሉ አንገረባቸውን አቆሙ። ፎቁን ከሩቅ ያየ ሰው አልጋዎቹ ቆመው ሲጠብቁት ግራ ይጋባል። ጓድ ዘለቀ ይህን ያህል ደስ ብሎት አላየሁም። አሁን ነገሩ በር ይሁን መስኮት ማንም አይጠይቀውም፤ አልጋ ሆኗል። ሠራተኛው በራሱ ተነሣሽነት ችግሩን ፈታ ብሎ ለበላይ አስታወቀ። ከበላይም ይህን ሥራ በዓይኑ የሚያይ እንግዳ እንደሚመጣ ተነገረን።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳው ካኪ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ ወፈር ያሉ ሰው ናቸው። ከመኪና ወርደው ደረጃውን እስኪወጡ ላብ በጀርባቸው ካርታ ሥሎባቸዋል። ቤታችን ደረሱ። ጓድ ዘለቀ ከፊት፣ ሐጂ ኢድሪስ እንደ ሥራው ባለቤት ከጎን፣ እማማ ላቀች ከጓዳው ደፍ ላይ፣ የሻረግ ቀዝቃዛ ከርከዴ በብርጭቆ ይዛ። እንግዳው እያለከለኩ ዙሪያቸውን ያያሉ። ወንበር የለንም። የራሳችን አንገረብ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። እንግዳ ደግሞ ቆሟል! ደጃፍ ረግጦ ቆሟል!

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አንስማማም። ሐጂ እኔ ነኝ የፈታሁት ይላሉ፣ ግን ጫፉን የያዝከው አንተ ነህ ይሉኛል። የሻረግ ሁለታችንም ግራና ቀኝ ይዘን እንዳወረድነው ትናገራለች። እማማ ላቀች ደግሞ «ምነው እንግዳውን አቆማችሁት!» ብለው የጮኹት እሳቸው መሆናቸውን አይክዱም። ብቻ ገመዱ ተፈታ፤ አንገረቡ መሐል ቤት ተዘረጋ፤ ሐጂ በመዳፋቸው አቧራውን ጠራርገው «ተፈደሉ፣ ተፈደሉ» አሉ፤ እንግዳውም ቆባቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ዘፍ አሉበት። ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳ ምን እንዳደረግን ልብ አላለም። እንግዳ መቀመጥ አለበት፣ ተቀመጠ፤ አለቀ።

ከርከዴው ተጠጣ። ጓድ ዘለቀ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሕፃናት የነገ ተረካቢዎች መሆናቸውን፣ ከለላውም ጠንካራ፣ ነፋሻማና ከራሳችን የፈለቀ መሆኑን አስረዳ። እንግዳው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ብርጭቋቸውን መለሱና «በጣም ጥሩ ነው። እንግዲህ ያን ከለላ እንየው» አሉ።

ጓድ ዘለቀ በኩራት እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። ሁላችንም ዞርን። ሰማይ ብቻ ነው። በሰማዩ ላይ አንድ ጭልፊት ይዞራል። የጓድ ዘለቀ እጅ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«የታለ?» አሉ እንግዳው።

«ተቀምጠውበታል፣ ጌታዬ» አሉ ሐጂ በቀስታ።

እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። የሻረግ «ትርንጎስ?» ስትል ነው የሰማሁት። ምንጣፉ ባዶ ነው። ጓዳው ባዶ ነው። የሻረግ የያዘችውን ብርጭቆ ለቀቀችውና ደረጃውን ቁልቁል በረረች። እኛ ወደ መስኮቱ ተጋፋን። እንግዳው በሆዳቸው ወለሉ ላይ ተኝተው አንገታቸውን ወደ ውጭ አሰገጉ፤ ጓድ ዘለቀ የእንግዳውን ቀበቶ ያዘ፤ ሐጂ የጓድ ዘለቀን ቀበቶ ያዙ፤ እኔ ማንን እንደያዝኩ እግዜር ይወቅ። ታች አሸዋ አለ። አንድ አህያ አለ። ጥጡ ከተነሣ ቆይቷል። ልጅ የለም። አለመኖሯ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ ይብስ አስፈራኝ፤ ከዚህ ካልወደቀች የት ነው የወደቀችው? ልጄ፣ ልጄ እላለሁ፤ ሌላ ቃል ጠፍቶኛል። የሻረግ ከታች ብቅ አለችና አሸዋውን በእጇ ትዳብሳለች። ልጅ በአሸዋ ውስጥ ይደበቅ ይመስል! አይ እናት!

እማማ ላቀች እወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ቁጭ ሲሉ ዓይናቸው ከአንገረቡ ሥር ገባ። «እሰይ ድንግል! እሰይ እመቤቴ!» የሚለው ድምፃቸው አሁንም በጆሮዬ አለ። ትርንጎ አንገረቡ ሥር፣ ጥላው ላይ፣ ተደላድላ ተቀምጣለች። የእንግዳውን ቆብ አውርዳ ጠርዙን ትማምጣለች። አንገረቡ ሲወርድ ጀምሮ ገብታ እዚያ ነበረች፤ የጓድ ዘለቀን ንግግር ከሰው ሁሉ በጸጥታ የሰማችው እሷ ናት።

አንሥቼ አቀፍኳትና አለቀስኩ። ኮሚቴ ፊት፣ የበላይ ፊት፣ ሰው እንዳለ ረስቼ አለቀስኩ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዱዓ ያደርጋሉ። ጓድ ዘለቀ ወዙን ይጠርጋል፤ ለልጄ አስቦ ይሁን ለራሱ አላውቅም፤ ምናልባት ለሁለቱም።

እንግዳው ካኪያቸውን አራገፉ። ቆባቸውን ከትርንጎ አፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀበሉና ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«ጓዶች፣ ሳንደናገጥ እንየው። ሕፃኗ ወደ መስኮቱ ሄዳለች? አልሄደችም። ለምን አልሄደችም? አንገረቡ ሥር ስለገባች። ስለዚህ ከለላው ሥራውን ሠርቷል። ቆሞም ይሠራል፣ ተኝቶም ይሠራል!»

ጓድ ዘለቀ አጨበጨበ። ሐጂም አጨበጨቡ። ልጄን ባቀፍኩበት እኔም አጨበጨብኩ። ይህን አነጋገር ስንት ዓመት ሙሉ በሆዴ አገላብጬዋለሁ፤ ስሕተት እንዳለበት ይታወቀኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። ካገኛችሁት ንገሩኝ።

የሻረግ እያለከለከች ደረጃውን የጨረሰችው ጭብጨባው ላይ ነው። ትርንጎን ከእጄ ነጥቃ ሁለመናዋን ዳበሰቻት፣ አንገቷ ሥር አሸተተቻት፣ ሳመቻት። ከዚያ ምን እየተጨበጨበ እንደሆነ ጠየቀች። ጓድ ዘለቀ የእንግዳውን ቃል ደገመላት። የሻረግ ትርንጎን በጀርባዋ አዘለቻትና የአንገረቡን አንድ ጫፍ ያዘች።

«እማዬ፣ በዚያ በኩል ያዢ» አለች። «ተኝቶ የሚሠራ ከሆነማ ምድር ላይ ወርዶ ይተኛ።»

የበላይ ሰው፣ ሊቀመንበር፣ ባል፣ ማንንም ሳታስፈቅድ እናትና ልጅ አልጋውን ተሸክመው ወረዱ። እንግዳው መንገድ ለቀቁላቸው። ከሥራችን የነበሩት ወንደላጤዎች ነፋሱን ሲመኙ ኖረዋልና የኛን ቤት በእልልታ ተረከቡ፤ እኛም በነሱ ገባን። ለካ የምድር ቤቱም መስኮት እንደ ላይኛው ከጣሪያ እስከ ወለል ነው፤ ከወለሉ ወዲያ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ዝቅታ፣ ከዚያ አሸዋ።

ትርንጎ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከመስኮት ያልወደቀችበት ቀን የለም። አንዳንዴ በጭንቅላቷ፣ አንዳንዴ በቂጧ፣ መራመድ ስትጀምር ደግሞ እያየችን፣ እየሳቀች። የሻረግ ወጥታ አሸዋውን ከፀጉሯ ታራግፍላትና መልሳ እዚያው መስኮቱ ላይ ታስቀምጣታለች።